በአፍ የማይቆጠር ካፒታል

ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተማረ። ቆቦ ውስጥ ቢሮ ከሚገቡት ብዙዎቹ፣ ባጃጅ ከሚነዱትም ጥቂት የማይባሉት በአንድ ወቅት ከፊቱ ተቀምጠዋል። ሲሞት የተወልኝ ይህ ነው ብዬ ነበር፦ አንድ ብስክሌት፣ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ አሥራ አንድ ደብተር። የምንኖርባት ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት፣ የእኛ ብዬ አልቆጥራትም። ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ተሳስቼ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ስህተቴን ለመናገር ነው። ስህተት ደስ እያለኝ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ደብተሮቹ የቃላት ደብተሮች ናቸው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ገጽ ይሰጠዋል። ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው አገር እንዳለፈ፣ በመንገዱ ላይ ምን ትርጉም ጥሎ ምን እንዳነሳ በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቱ ይጽፋል። ተማሪዎቹን፣ “ቃል እንግዳ ነው፤ አገሩንና ዘመዱን ሳትጠይቁ አታሳድሩት” ይላቸው ነበር። እኔ አንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በሕይወት ሳለ ደብተሮቹን ከፍቼ አላውቅም። አርባው ካለፈ በኋላ በቀን አንድ ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ማንበብ እችል ነበር፣ ግን የሚያልቅብኝ መሰለኝና ሰሰትኩ።

ሙት ዓመቱ ሲወጣ ታላቅ ወንድሜ ከደሴ መጣ። ወንድሜ ደግ ሰው ነው፤ ያ ዓመት ያለ እሱ እጅ አይገፋልኝም ነበር። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንበሩን ወደኔ ጎተተና ክፍል እንዳዘጋጀልኝ ነገረኝ። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው አለ። አልጋውን ሚስቱ እንደመረጠችው፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድም ዳገት እንደሌለው ዘረዘረልኝ። እኔ ቆቦን አልለቅም አልኩ።

“ልጅ የለሽ፣ ዘመድ የለሽ። ሰው አገር ላይ ማንን ትጠብቂያለሽ?”

መልስ ነበረኝ፣ ግን እንዴት እንደሚባል አላወቅኩም። ወደ ሥራ ስሄድ በኖርኩበት መንገድ ላይ ዛሬም የማላውቀው ጎረምሳ ብስክሌቱን አቁሞ፣ “የመምህሬ ባለቤት፣ እንዴት ዋሉ?” ይለኛል። ቆቦ ላይ የመምህሩ ሚስት ነኝ። ደሴ ስገባ የወንድሜ እህት ነው የምሆነው። መቃብሩም እዚህ ነው። ይህን ለወንድሜ ብነግረው ያለቅስ እንደሆነ እንጂ ሐሳቡን አይለውጥም። እሱ የሚያውቀው ጡረታዬ ማሽላና ሳሙና ገዝቶ እንደሚያልቅ ነው፤ እውነቱን ነው። በመጨረሻ፣ የምትቆሚበት ነገር ካለሽ አሳዪኝ አለ። ከሌለሽ በሚመጣው ሐሙስ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

የምቆምበት ነገር አልነበረኝም። አንድ የተጠቀለለ ቆዳ ብቻ ከበሩ ጀርባ ቆሟል።

ስለ ቆዳው ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ያን ዓመት ባለቤቴ የፈተና እርማት ገንዘብ ተከፈለው። እኔ ቡፌ ፈልጌ ነበር። ባለ መስታወት ቡፌ፣ ጎረቤቴ ቤት እንዳለው፣ ብርጭቆ ተደርድሮበት ከውጭ የሚታይ። የቡፌውን ቦታ ጠርጌ ጠበቅኩት። እሱ ማታ እየሣቀ ገባና ጊደር መግዛቱን ነገረኝ። ጊደሯንም ከሮቢት ወደ ቆላው ወጣ ብሎ ለሚኖር አብሮ አደጉ በርቢ ሰጥቷታል። ርቢ ማለት፣ ሣር የሌለው ሰው ከብት ገዝቶ ሣር ላለው ሰው ይሰጣል። ወተቱ የአርቢው ነው፣ የሚወለደው እኩል ይካፈላል፣ እናቲቱ ግን የገዛት ሰው እንደሆነች ትቀራለች። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ይህ ነገር ገንዘብን ወንዝ ውስጥ ከመጣል ተለይቶ አልታየኝም። የዚያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍም። የመጨረሻው ግን፣ “የላምህን ነገር ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳታነሳ” የሚል ነበር።

አላነሳም። አሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ላም የሚል ቃል ከአፉ ሳይወጣ ኖረ። እኔ ረሳሁት፣ እሱ ግን ቃሌን አከበረልኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

በሞተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ለቅሶ ደራሹ እየሳሳ ሲመጣ፣ አንድ ረጅም ሰው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ በሩ ላይ ቆመ። ያ አብሮ አደጉ ነበር። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። “አላህ ያጥናሽ ዋርሳዬ” ብሎ ተቀመጠ። ዋርሳ የሚባለው የባል ወንድም፣ የወንድምም ሚስት ነው፤ እነሱ ሁለቱ በሃይማኖት ቢለያዩም አንድ ደጅ ላይ ስላደጉ ወንድም ነን ይላሉ። ከብብቱ ሥር የታጠፈ የላም ቆዳ አወጣና መሬት ላይ ዘረጋው። በራስጌው በኩል ጆሮዋ አልተቆረጠም፣ ከነጆሮዋ ነው የተገፈፈችው። በጣቱ ጆሮዋን ገልጦ አሳየኝ። ጫፉ ላይ እንደ ሰንጣቃ ቅጠል የተተለተለ ምልክት ነበረ።

“እዪው፣ እሷው ናት። ዝናቡ ሲዘገይ እርጅናም ተጨምሮ ደከመች” አለኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን የሞት ወሬ ሁሉ አንድ ይሆንብኛል፤ ባሌ ሞተ፣ ላሙም ሞተች፣ በቃ። ሰውየው ግን አልተነሳም። ዱላውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው ያዛውራል። ቤቱን ያያል፣ እኔን ያያል። አንድ ነገር እንደሚጠብቅ አስታውሳለሁ። የሚበላ ይሆናል ብዬ ምግብ አቀረብኩ፤ ቀመስ አደረገና አመስግኖ ሄደ። ቆዳውን ጠቅልዬ ከበሩ ጀርባ አቆምኩት። አየዋለሁ፣ አልነካውም።

አሁን ወደዚያ ሳምንት ልመለስ፤ ወንድሜ ሐሙስ እመጣለሁ ወዳለበት። ዕቃ ማሰር ጀመርኩ። ደብተሮቹን ስከትት ገና ስምንተኛውን እያነበብኩ ነበር። ደሴ ወስጄ የማነባቸው አልመስለኝ አለ። በቀን አንድ ገጽ ማለቴን ትቼ አሥር ገጽ ማንበብ ያዝኩ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዱን ገጽ ስገልጥ አናቱ ላይ “ካፒታል” የሚል ቃል አገኘሁ።

እሱ የጻፈውን ባጭሩ ልናገር። ካፒታል በእንግሊዝኛ ብዙ ቤት ያለው ቃል ነው። የአገር ዋና ከተማ ካፒታል ይባላል። በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የሚጻፈው ትልቁ ፊደልም ካፒታል ነው። የሞት ፍርድም በዚሁ ቃል ይጠራል። ነጋዴ የሚነሣበት ገንዘብም ይኸው ነው። አራቱ የማይተዋወቁ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው ይላል። እናታቸው በላቲን ራስ ማለት ነው። ከተማው የአገር ራስ ነው፣ ፊደሉ የዓረፍተ ነገሩ ራስ ነው፣ የሞት ፍርድ ራስ የሚያስቆርጥ ነው። ገንዘቡም ዋናው፣ ራሱ፣ ሌላው ሁሉ የሚበቅልበት ነው። ከዚያ በታች፣ እንግሊዞች ከብትን የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ከራስ የወጣ መሆኑን ጽፏል። ቃሉ በመጀመሪያ ማንኛውንም ንብረት ይጠራ ነበር፤ በኋላ ግን የሰው ንብረት በአራት እግሩ የሚሄደው ስለነበረ ቃሉ ከከብቱ ጋር ቀረ።

ቀጥሎ ያለውን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

“ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አይገርማቸውም። የእኛም የጥንት ሰው ከብቴ ሲል ገንዘቡንም ዕቃውንም ማለቱ ነበር። ከአላማጣ ወዲያ ያለው ትግርኛ ተናጋሪ ጥሪት ሲል ከብቱን ነው፤ እኛ ጥሪት የምንለው ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ነው። በቆላው ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ የኦሮሞውን ቃል ይዘው ሆሪ ይላሉ፤ ከብትም ሀብትም ነው። እንግሊዙ በራስ ይቆጥራል፣ እኛ የቀንድ ከብት ብለን በቀንድ እንጠራለን፤ ያው አናት ላይ ነን። ሰውም ቆሞ መሄድ ሲችል ራሱን ቻለ እንላለን። ለምን ራሱን? ይህን አስብበት።”

ገጹ እዚህ ላይ አላለቀም። በኅዳጉ ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተጻፉ ስሞች ነበሩ። ቡሬ። ዳለቻ። ቦቃ። የዳለቻ ልጅ ጥቁር። የቦቃ ልጅ፣ እንደ እናቷ። የተሰረዙም አሉ። መጀመሪያ ምሳሌ መሰሉኝ፤ ስለ ከብት የሚጽፍ ሰው የከብት መልክ ቢዘረዝር ምን ይደንቃል ብዬ አለፍኳቸው። ነገር ግን ከአንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ የተተለተለች ቅጠል ተሥላለች። ከአንዳንዱ ጎን የለችም። የባሌን ጠባይ አውቃለሁ፣ ያለ ምክንያት ነጥብ አያሳርፍም። ቅጠሏን የት እንዳየኋት ሳሰላስል ቆየሁና ተነሣሁ። ከበሩ ጀርባ ቆዳውን አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ጆሮዋን ገለጥኩ። ደብተሩን ከጎኑ አስቀመጥኩ። አንድ ነበሩ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ላሟን እንዳያነሳ ከልክዬው በቃል ደብተር ውስጥ ደበቃት። ቆይ፣ አልደበቃትም እኮ። ማንም ሊያነበው በሚችል ገጽ ላይ ነው የጻፋት፤ እኔ ከፍቼ አላነበብኩም።

ሐሙስ ወንድሜ መኪና ተከራይቶ መጣ። ዕቃው ታስሮ ሲያይ ደስ አለው። እኔ ግን ቆዳውን በብብቴ ይዤ መኪናው ውስጥ ገባሁና ደሴ ከመሄዳችን በፊት ሮቢት ላይ እንቆማለን፣ ከዚያ ወደ ቆላው እንወርዳለን አልኩት። ነገሩን በመንገድ ላይ አስረዳሁት። መሪውን የያዘው ሾፌር እንኳ ወደ ኋላ ዞሮ አየኝ።

“ቆዳዋ የመጣልሽን ላም ልናይ ነው የምንሄደው?” አለ ወንድሜ።

“አዎ።”

“እሺ። ደሴም ስትደርሺ ሐኪም ቤት ጎራ እንላለን።”

ከሮቢት ወርደን የጥርጊያ መንገዱ ሲያልቅ መኪናውን አቁመን በእግራችን ሄድን። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው በየደጁ ተከምሯል፤ የቆላው ሰው የአገዳው ክምር ካልበረከተ ቤቱ ቤት አይመስለውም። ፀሐዩ ይተኩሳል። ወንድሜ የደሴ ጫማውን እያየ ይከተለኛል። የሰውየውን ቤት ጠይቀን ስንደርስ ከሚስቱ ጋር ግራር ሥር ተቀምጦ ነበር። ቆዳውን በብብቴ ሲያይ ተነሥቶ ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዕዳ ያለበት ሰው ፊት አልነበረም፣ የናፈቀው ሰው የመጣለት ፊት ነበር።

“መጣሽ” አለ።

ሚስቱ ወተት በጣሳ ሰጠችን። ወንድሜ የቸኮለ ሰው ነውና ጣሳውን ሳያስቀምጥ፣ እህቴ እዚህ ከብት አላት ይባላል፣ ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ሴትየዋ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሰውየው ጺሙን አሻሸ።

“አሉ” አለ።

“አሉ ማለት ስንት ማለት ነው?”

“አሉ ማለት አሉ ማለት ነው፣ ወንድሜ። ማታ ሲገቡ ታያቸዋለህ።”

ወንድሜ ወደኔ ዞረ፤ ይኸውልሽ፣ ተበላሽ የሚል ዓይን ነበር። እኔም ልጨነቅ ስል ሴትየዋ ቀስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከብት በአፍ አይቆጠርም። ቁጥሩን የጠራ ሰው ዓይን ይጠራበታል፣ የተጠራው ያንሳል። ባለቤቱ እንኳ ቢሆን ቆሞ ያያል እንጂ ስንት ብሎ አይጠይቅም፣ አርቢውም ስንት ብሎ አይመልስም። ያን ጊዜ የለቅሶው ሳምንት ትዝ አለኝ፤ ዱላው ከጉልበት ወደ ጉልበት ሲዛወር።

“ያን ቀን ቤቴ ሲመጡ ይህን እየጠበቁ ነበር?” አልኩት።

“ዘሯስ የት አለ ትዪኛለሽ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት” አለ። “ቆዳ የሚመጣ የሞተችውን ሊናገር ነው። አርቢ በልቷት ሞተች እንዳይል፣ ከነምልክቷ ይመጣል። ያሉትን ግን ባለቤቱ ነው ጠይቆ፣ መጥቶ በዓይኑ የሚያይ። አንቺ እህል አቀረብሽልኝ። ዝም ስትዪኝ ጊዜ፣ አምናኝ ተወችልኝ ብዬ ሄድኩ።”

አላመንኩትም ነበር። አልካድኩትምም፤ አላወቅኩም እንጂ። እሱ ግን አላዋቂነቴን እምነት አድርጎ ቆጥሮ፣ ለዚያ እምነት የሚገባውን አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠራ ኖሯል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከጎሊና ወንዝ በኩል አቧራ ተነሣ። ሰውየው የበረቱን እሾህ ገለል አደረገና ከበሩ በስተቀኝ አቆመኝ፤ ወንድሜን ከኋላዬ። ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ፣ ኅዳጉን ገለጥኩ። መጀመሪያ የገባው በሬ ነበር፣ የእሱ ነው፣ ጆሮው ሙሉ ነው። ቀጥላ ዳለቻ መጣች። ግራጫ፣ ሆዷ ሰፊ፣ ተራመደች ሳይሆን ፈሰሰች ማለት ይቀለኛል። ጆሮዋ ተተልትሏል። ከእሷ ጎን ልጇ ጥቁር። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦቃ፣ ከኋላዋም እንደ እናቷ የሆነችው። የባሌ እርሳስ በእግሩ እየሄደ የመጣ መሰለኝ። ጆሮአቸው ሙሉ የሆኑትም በመካከላቸው ይገባሉ፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ ፊርማ የእኔና የእሱ ጎን ለጎን በአንድ በር ያልፋሉ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ጥጃ ቀረች፣ እናቷን ፍለጋ እየጮኸች። በኅዳጉ ላይ ፈለግኳት፣ የለችም። ጆሮዋ ግን ተተልትሏል፤ ቁስሉ ገና ጠርዙ ቀይ ነው።

“ይቺስ?” አልኩ።

“ይቺማ የዘንድሮ ናት። በሞተ በመንፈቁ ተወለደች። ተራው የእናንተ ነበር።”

ባሌን የቀበርኩ ጊዜ በደንብ አላለቀስኩም፤ ሰው በዝቶብኝ፣ ማን በላ ማን አልበላ እያልኩ። የዚያን ቀን በረቱ በር ላይ አለቀስኩ። የደስታ ነው ብል ሰው አይገባውም ይሆናል፣ ግን የደስታ ነበር። ባለቤቱ ሞቷል፣ ጠያቂ የለም፣ ምስክር የለም፤ ሰውየው ግን ቢላዋውን ስሎ የጥጃዋን ጆሮ ለእኔ ተልትሏል።

ስናመሻሽ ሌላም ሰማሁ። የተሰረዙት ስሞች የተሸጡት ናቸው። ቡሬ የተሸጠችው እኔ በክረምት ዲፕሎማዬን የተማርኩ ዓመት ነው። ባሌ የፈተና እርማት ገንዘብ ነው ብሎ ከፍሎልኝ ነበር። ደመወዜንም፣ ጡረታዬንም ያሳደገልኝ ያ ዲፕሎማ ነው። ለካ ቡፌው ቀርቶ ላም አስተምራኛለች።

በጨለማ ወደ መኪናው ተመለስን። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሾፌሩ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ ብሎ ጠየቀ። ደሴና ቆቦ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ እኔን ሳያይ፣ “ወደ ቆቦ” አለ። ቀጥሎም ለራሱ እንደሚናገር፣ “እንግዲህ እህቴ ራሷን ችላለች” አለ። ደብተሩ ላይ ያለውን አላነበበም። ለምን ራሱን፣ አስብበት የሚለውን። እኔ በመስኮቱ በኩል ዞሬ በጨለማው ውስጥ ሣቅሁ። ወንድሜ በማግስቱ ብቻውን ደሴ ገባ። ዕቃውን እኔ ፈታሁ።

አሁን ሁለቱ ላሞች፣ ዳለቻና ቦቃ፣ ቆቦ ናቸው፣ የቀሩት ከዋርሳዬ ጋር እንደቀሩ ናቸው። አገዳ በጋሪ ይመጣልኛል። ጠዋት ወተት፣ ከሰዓት እርጎ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የእሱ ተማሪዎች ናቸው፤ ብርጭቋቸውን ይዘው ቆመው የድሮ ክፍላቸውን ያወራሉ። ቡፌ ሊቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ደብተሮቹን የደረደርኩበት መደርደሪያ ቆሟል።

ባለፈው ወር የንግድ ፈቃድ ላወጣ ቢሮ ሄድኩ። ቅጽ የምትሞላው ሠራተኛ ከጎጃም በኩል ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ሰው አክባሪ፣ ጽሕፈቷ የሚያምር። ስም ጠየቀችኝ፣ አድራሻ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ብዕሯን አንሥታ፣ “ካፒታል?” አለች።

ቃሉን ስሰማ ልቤ እንዴት እንደሆነ እሷ ምን ታውቃለች።

“አለ” አልኳት።

“እሱማ ይኖራል፣ እትዬ። ስንት ብዬ ልሙላው?”

አጠገባችን ተራ የሚጠብቁ ሁለት የቆላ ገበሬዎች አንገታቸውን ወደኔ መለሱ። ምን እንደምል ይጠብቃሉ። ባለ ዲፕሎማዋ፣ የከተማዋ ልጅ፣ የመምህሩ ሚስት።

“ስንት አይባልም፣ ልጄ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ነዪና በበሩ ቆመሽ እዪያቸው፤ የፈለግሽውን ያን ጊዜ ትሞያለሽ” አልኳት።

ከገበሬዎቹ አንዱ ዱላውን መሬት ላይ መታ አደረገና፣ “አበጀሽ” አለ።